አንድ ቅድና ሦስት ቀዳዳ

በሐዋሳ ከተማ እንደ እኔ ሕመም የሚችል ወንድ አልተወለደም። ከታቦር ተራራ እስከ ቱላ ድረስ ቤት ለቤት ዞራችሁ ብትጠይቁ አታገኙም። አንድ ጊዜ እግሬ ላይ ሚስማር ገብቶ አሥር ዙር ሮጫለሁ፤ ያለቀሰው ሚስማሩ ነው። መንጋጋዬን ያለ ማደንዘዣ ሲነቅሉልኝ ሐኪሙን አይዞህ እያልኩ ያጽናናሁት እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ግን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከቤት ባመጣሁት ትራስ ላይ፣ ወደ ግራ ጋደል ብዬ ነው። በቀኝ በኩል ተደላድዬ ከተቀመጥኩ የማወጣውን ድምፅ ሰምቶ አንባቢው ሁሉ ከመጽሐፉ ቀና ይላል።

የስፖርት መምህር ነኝ። ዕድሜዬ አምሳ ሁለት ሲሆን ግማሹን ያሳለፍኩት ፊሽካ በአንገቴ አንጠልጥዬ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ቀኝ ብሽሽቴ ላይ የሎሚ ፍሬ የምታህል እብጠት ብቅ አለች። ስቆም ትወጣለች፣ ስተኛ ትገባለች። ለመምህራኑ ሁሉ የነገርኳቸው የእግር ኳሱን ጎል ብቻዬን ተሸክሜ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ሳሻግር እንደ ወጣችብኝ ነው። ስደግመው ጎሉ ሁለት ሆነ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስናገር በረኛውም አብሮ ላዩ ላይ ነበር። እውነቱ ግን መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ስም መጥሪያ ስሞላ የጠመኔ ብናኝ አስነጠሰኝ፤ በቃ፣ በንጥሻ ነው የወጣችው።

ሐኪሞች ሄርኒያ ይሉታል፤ እኛ ቡዓ እንለዋለን፤ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራው ሰው ግን የለም። የሒሳብ መምህሩ ሳይጠራው ሰደበኝ። ሐዋሳ ውስጥ አባ ኮዳን የማያውቅ የለም፤ ከአንገቱ በታች ቀይ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ክንፉን እንደ ካፖርት ደርቦ በየግቢው የሚንጎራደደው ትልቁ ወፍ ማለቴ ነው። አንዱ በማረፊያው መስኮት አጠገብ ሲያልፍ፣ "ተነስ እንጂ መምህር፣ ዘመድህ ሊጠይቅህ መጥቷል" አለኝ። እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ "የእሱ ከረጢት ቦታ ስቶ ነው" አልኩ።

በዚያው ሰሞን የሚስቴ ታናሽ ወንድም ያው በሽታ ያዘው። መናኸሪያ አካባቢ የጎማ ሱቅ አለው፤ ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ጎማ ሲያነሳና ሲጥል ስለሚውል የእሱ ምክንያት ያሳምናል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ተጠራጠርኩ። ከሚስቴ ቤተሰብ ውስጥ እኔ የጀመርኩትን ነገር ሁሉ ተከትሎ የሚጀምር እሱ ነው። ጢም ሳሳድግ አሳድጓል፣ ብስክሌት ስገዛ ገዝቷል። አሁን ደግሞ በሽታዬን ኮረጀብኝ ብዬ ለሚስቴ አቤት አልኩ።

"አንተ ሰውዬ" አለችኝ፣ "ቡዓ ደግሞ ይቀናበታል?"

ሆስፒታል ሄጄ ያገኘሁት ሐኪም ረጋ ያለ ሰው ነው። እብጠቷን አይቶ፣ እንድስል አድርጎ፣ አስተኝቶ ጨረሰና ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። "ሁለት መንገድ አለ፣ መምህር። አንደኛው፣ ብሽሽትዎ ላይ ይህን ያህል እንቀድና" በጣቶቹ ለካልኝ፣ "የወጣውን ወደ ቦታው መልሰን፣ ድጋፍ የሚሆን ስስ መረብ አስቀምጠን እንሰፋለን። ይህን እዚሁ እሠራልዎታለሁ። ሁለተኛው፣ ሆድዎ ላይ ሦስት ትናንሽ ቀዳዳ ተበጅቶ፣ በካሜራ እየታየ መረቡ ከውስጥ በኩል ይቀመጣል። ለእሱ አዲስ አበባ ነው የምልክዎት፤ ሙሉ በሙሉም መተኛት አለብዎት።"

"የቱ ይሻላል?"

"ሁለቱም ጥሩ ናቸው። በካሜራ የተሠራላቸው ቶሎ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመምም በእነሱ ላይ አነስ ይላል። ግን አንዳንድ ሰው ላይ በሁለቱም ሊቆይ ይችላል፤ ይህን አልደብቅዎትም። እኔ የሠራሁላቸውን ሰዎች እየደወልን ስንጠይቃቸው አብዛኞቹ ደህና ነን ነው የሚሉት።"

ሦስት ቀዳዳ የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። ቤት ሊጠግን የመጣ ሰው በበር መግባት ሲችል በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ ሲሠራ ታይቶ ያውቃል? ካሜራውስ? ያየውን የት ያደርሰዋል? ከሁሉ በላይ ግን ያስፈራኝ መተኛቱ ነው። ሚስቴ ቶሎ ነቃችብኝ። "በሰመመን ምን እለፈልፍ ይሆን ብለህ ነው አይደል?" አለች። የምለፈልፈው ምንም የለኝም፤ ቢሆንም በነቃሁበት ይሁን አልኩ። ሐኪሙ በዓይኑ እያየ፣ እኔም በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ከፍቶ ይሥራኝ።

እንዲያው ሆነ። ወገቤ ላይ ተወጋሁና ከእምብርቴ በታች የእኔ መሆኑ ቀረ። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ የማያልቅ ቀልድ ጀመርኩ፤ ነርሶቹ ሳቁ፣ ማደንዘዣ የሰጠኝ ልጅ ሳቀ። በመጨረሻ ሐኪሙ "መምህር፣ እባክዎ ዝም ይበሉ፤ ሲስቁ ሆድዎ እየዘለለብኝ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ ኮርቼ ነበር። በኋላ ግን ይህችው ሳቅ እንቅልፍ ነሳችኝ፤ ሰው እየሳቀ ስንት ነገር ይረሳል!

የሚስቴ ወንድም አዲስ አበባ ሄደ። በካሜራው ተሠርቶለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ደንበኛ ሲያስተናግድ ታየ። እኔ በዚያን ጊዜ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ያለውን መንገድ ግድግዳ ይዤ የምጓዝ ሰው ነበርኩ። ጠያቂው በሽ ነው። የዕድር ሰው፣ የሚስቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ መምህራኑ፣ ሁሉም ብርቱካኑን ይዞ እየገባ "ተሻለህ?" ይላል። "ተመስገን" እላለሁ። ሙዝ የያዘው ደግሞ "እንዴት ነህ?" ይላል። "ተመስገን፣ ነገ ኳስ እጫወታለሁ።"

ቁስሉ ደረቀ። ሕመሙ ግን አብሮት አልሄደም። ሦስት ወር ሆነ፣ ስድስት ወር ሆነ። ከወንበር ስነሳ፣ ባጃጅ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስገባ፣ ጫማዬን ሳስር፣ አንድ ሰው የዓሣ መንጠቆ እዚያ ቦታ ላይ ሰክቶ ከሐይቁ ማዶ ሆኖ ክሩን የሚስብ ይመስለኛል። ከዚያ ጭኔ ያቃጥላል። ክፍል ይዤ ወጥቼ የፊት ለፊት ግልበጣ ላሳይ ፍራሹ ላይ ተንበረከክሁና እዚያው ቀረሁ። ተማሪዎቹ አዲስ ዓይነት እንቅስቃሴ መስሏቸው ሁሉም ተንበረከኩ። እኔም አላረምኳቸውም፤ እስክነሳ ድረስ አብረን ቆየን።

ይህ ነገር ሲደጋገም ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። "ወንድሜ፣ የስፖርት መምህር አሳይቶ ነው የሚያስተምረው። እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ካልተሻለህ ፊሽካውን ለሌላ ሰው እንስጥና አንተ ቤተ መጻሕፍቱን ያዝ" አለኝ። በወዳጅነት ነው የተናገረው። እኔ ግን ከቢሮው ስወጣ ፊሽካዬን በጡጫዬ ይዤ ነበር የወጣሁት። ያለ እሷ ማን እንደ ሆንኩ አላውቅም።

መጠራጠር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ያለ ምክንያት እንዲህ አያምም፤ አንድ ነገር ውስጤ ረስተዋል። መቀስ ይሆናል፤ ወይ መርፌ። ደግሞ ከሆስፒታሉ አንዲት ሲስተር በየተወሰነ ወሩ እየደወለች ደህንነቴን ትጠይቀኛለች። ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ አንድ ሁለት ቀልድ ጣል አደርግላታለሁ፣ ስቃ ትዘጋለች። ስልኩ እንደ ተዘጋ ግን አስባለሁ። ለምንድን ነው የሚደውሉት? ጫማ ሰፊ ከሰፋልህ በኋላ ደውሎ ጫማህ እንዴት ነው ይልሃል? ዕቃ የጠፋበት ሰው ነው እንዲህ ደጋግሞ የሚጠይቅ።

ማስረጃው በሠርግ ቀን ተገኘ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተጠርተን ነበር። በሩ ላይ ፈታሹ ያቺን ዱላ የምትመስል መፈተሻ ከትከሻዬ ጀምሮ ወደ ታች ሲያወርዳት፣ ልክ ብሽሽቴ አካባቢ ስትደርስ ጮኸች። ደስታዬን አልደብቅም። "ድገመው!" አልኩት። ደገመው፤ ጮኸች። ሚስቴን ክንዷን ያዝኩ። "ሰማሽ? መቀሱ ነው! ምስክር ትሆኚኛለሽ።" ከኋላችን የሠርግ ልብስ የለበሰ ሰው ተሰልፏል። ፈታሹ ወጣት ቢሆንም ትዕግሥተኛ ነበር። "አባቴ፣ እስቲ ቀበቶዎን ይፍቱ" አለኝ። ፈታሁ። መፈተሻዋን መለሳት። ጭጭ። አንድ ጊዜ እንደገና ይሞክር ብዬ ለመንኩት፤ ጭጭ አለች። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ሠርግ ቤት ገባሁ፤ ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያን ቀን ጤነኛ በመሆኔ አዝኜ አላውቅም።

መቀሱ ሲከሽፍብኝ ጥርጣሬዬ ወደ ሚስቴ ወንድም ዞረ። "ያምሃል?" ስለው "ምንም" ይለኛል። ዓመት ሙሉ፣ ምንም! እኔ በአንድ ቅድ ይህን ያህል ከተሰቃየሁ እሱ በሦስት ቀዳዳ እንዴት ምንም ይሆናል? ሒሳቡ ራሱ እምቢ አለኝ። መከታተል ጀመርኩ። ሱቁ ፊት ለፊት ካለው ጁስ ቤት ተቀምጬ፣ አንድ ብርጭቆ አቮካዶ እንደ ግመል እያጠራቀምኩ እየጠጣሁ፣ ሲያጎነብስ ፊቱን አያለሁ። ጫማውን ሲያስር አያለሁ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ቁልፌን እግሩ ሥር ጣልኩ። ጎንበስ ብሎ አንስቶ ሰጠኝ፤ ያውም በአንድ እግሩ ቆሞ። እጄን ዘርግቼ ቁልፉን ስቀበል የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በሰፈራችን ለቅሶ ሆነ። ዕድራችን ድንኳን ሲተክል ወንዱ ሁሉ የብረት ቋሚ ይሸከማል፤ እኔ ግን ከታከምኩ ወዲህ ወንበር ቆጥሮ በማስረከብ ብቻ ተወስኜ ነበር። ወንበሩ መሀል ቆሜ የሚስቴን ወንድም አየሁት። ትልቁን ቋሚ በትከሻው አንስቶ፣ እየተሳሳቀ አለፈ። እኩለ መንገድ ላይ ግን አንዴ ቆመ፤ ግራ እጁን ሆዱ ላይ አደረገና ተነፈሰ። አንዲት ቅጽበት ናት። እኔ ግን ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት እሷን ነው። ወንበሩን ጥዬ ደረስኩበት።

"ያዝኩህ! አመመህ!"

"ቀስ በል እንጂ ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት ነው።" ቋሚውን አወረደና ወደ አጥሩ ጥግ ሳበኝ። "ደክሞኝ ነው። አሁን አያመኝም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ነበረ። ስስቅ ሆዴን ይወጋኝ ነበር፤ መኪና ረጅም ስነዳ ደግሞ ብሽሽቴን ይይዘኛል።"

"ታዲያ ለእኔ ለምን ምንም አልክ?"

"ለአንተ?" ሳቀ። "ለአንተ ብነግርህ እስከ ማግሥቱ ቱላ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ያውም በረኛ ተጨምሮበት። ለአዲስ አበባው ሆስፒታል ግን ነግሬያቸዋለሁ። ሲደውሉልኝ ሕመሜ ከአሥር አራት ነው አልኳቸው፤ ና ብለው አዩኝ፣ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ቀስ እያለ ጠፋ። አንተስ ምን አልካቸው?"

"እኔ የምለውን ብያለሁ" አልኩና ወደ ወንበሮቼ ተመለስኩ።

የመጨረሻ ጥያቄውን አልሰማሁትም ማለት ይቀላል። የሰማሁት የፈለግኩትን ብቻ ነው፦ በካሜራም ያማል! ስለዚህ ሐኪሙ የሚያውቀው ነገር አለ፤ አብዛኞቹ ደህና ናቸው ያለኝ ሸፍኖ ነው። በማግሥቱ ሚስቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። መንፈቅ ዓመቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

"ዶክተር" አልኩት ገና ሳልቀመጥ፣ "እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። አብዛኞቹ ደህና ናቸው ብለውኛል። እኔ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር መንጠቆ ላይ ነኝ። የሚስቴም ወንድም አሞት ነበር። የቀረው ሰውም እንዲሁ ነው። ይህን እያወቁ ነው ያልነገሩኝ።"

ሐኪሙ አልተቆጣም። ካርዴን አስመጣና ከፈተ። አነበበ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ እንደገና አድርጎ አነበበ።

"ዓመት ከሁለት ወር አሉኝ?"

"ቀን አልጎደለም።"

"እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው። ሲስተር ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምዎ ስንት ነው ብላ የጠየቀችዎት ነው። በወሩ፣ ዜሮ። በስድስት ወሩ፣ ዜሮ፤ 'ታካሚው በጣም ደስተኛ ናቸው' ብላለች። በዓመቱም ዜሮ።" ጣቱን ከታች አሳረፈ። "እዚህ ጋ ደግሞ አንድ ነገር ጨምራለች። 'ከዜሮ በታች ካለ እሱን ጻፊልኝ ብለዋል።'"

ሚስቴ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ለማየት አልደፈርኩም።

"ያው ሰላምታ ነዋ ዶክተር" አልኩ። "ሰው እንዴት ነህ ሲልህ ምን ትላለህ? ተመስገን ነው የሚባለው።"

"ሲስተር ግን እንዴት ነህ አላለችዎትም፤ ስንት ነው ነው ያለችዎት። በስድስት ወሩ ነግረዋት ቢሆን ያኔውኑ እንጠራዎት ነበር።"

አስተኝቶ ጠባሳውን በጣቱ ጫፍ ቀስ እያለ ነካካ። አንዷ ቦታ ላይ ሲደርስ አልጋውን ለቅቄ ጣሪያውን ልነካ ምንም አልቀረኝም። "ይቺ ናት" አለ። ጠባሳው አጠገብ የምታልፍ ነርቭ ተቆጥታ እንደሆነ አስረዳኝ፤ ተከፍቶ ሲሠራ ይህ አልፎ አልፎ ይገጥማል፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነገረኝም እሱን ነበር። መቀስ አልረሳሁም ሲል ሚስቴን አየኋት፤ እሷ መስኮቱን ታያለች። እዚያችው ቦታ ላይ መርፌ እንደሚወጋኝ፣ በመርፌው ብዙ ሰው እንደሚሻለው፣ ካልተሻለኝም ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረኝ።

"እስከ መንፈቅ ዓመቱ እደርሳለሁ?"

"ቃል አልገባም። ጊዜ ይፈልጋል። ቀደም ብለን ጀምረን ቢሆን ጥሩ ነበር።"

ሱሪዬን እየቆለፍኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጥርጣሬ በቀላሉ አይለቅም። "ዶክተር፣ እነዚያ አብዛኞቹ ደህና ነን ያሉዎት ሰዎች... እነሱም የዚህ አገር ሰዎች ናቸው አይደል?"

ብዕሩን ካርዴ ላይ አቆመ። "መምህር" አለ፣ "ዛሬ ጥርጣሬዎን ለእኔም አጋቡብኝ።" ከዚያ አዲስ መስመር ላይ ቀኑን ጻፈ። "አሁን ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?"

"ሦስት" አልኩ።

ሚስቴ ዞራ አየችኝ።

"ሰባት" አልኩ።

መርፌውን ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ። ሰባቱ አራት ሆኗል፤ በደህና ቀን ሦስት። መንፈቅ ዓመቱ ግን አልጠበቀኝም። ፊሽካዬን ሌላ ሰው ይነፋታል፤ ያውም ሳንባ የሌለው ሰው፣ ድምፁ እዚህ መስኮት ድረስ አይደርስም። ለከርሞ ትመለስልህ ይሆናል ብለውኛል። ሲስተርም ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር፤ ሰላምታዬን ከጨረስኩ በኋላ አራት አልኳት። ስትጽፍ ተሰማኝ።

ለሐኪሙ ያው ሰላምታ ነው ያልኩት እውነት አይደለም። በዓመቱ ስትደውልልኝ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ በሩን ዘግቼ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ፣ ቀኝ እግሬን ኳስ ላይ ሰቅዬ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ቁጥሩን አውቀው ነበር። ዜሮ ያልኳት ድምጿ ደስ ስለሚለኝና ጠንካራ ወንድ እንድመስላት ስለፈለግኩ ነው።